ወተቱ ሲንክ ውስጥ የተደፋበት ሰሞን፦ የአንድ የመኖ ዱቄት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

እ.ኤ.አ. በ2024፣ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ፣ ብሪታንያ ውስጥ ተመሳሳይ ቪዲዮ ደጋግሞ ተለቀቀ። አንድ ሰው ፍሪጅ ይከፍታል። የወተት ጠርሙስ ያወጣል። ክዳኑን ፈትቶ ወተቱን ሲንክ ውስጥ ይደፋል። ሽንት ቤት የደፉም ነበሩ። ወተቱ አልተበላሸም፣ ቀኑም አላለፈበትም። የተደፋው ላሞች መኖ ላይ የሚጨመር አንድ ዱቄት አለ ስለተባለ ነው።

ዱቄቱ ቦቬር ይባላል። ሥራው ላሟ የምታስወጣውን ሚቴን መቀነስ ነው። ለአየር ንብረት ለውጥ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የመጣ ነገር በጥቂት ቀን ውስጥ የጤና ሥጋት፣ የሴራ ወሬና የገበያ አድማ ሆነ። ወተት አምራቾቹ ገበሬዎች መሃል ላይ ቀሩ።

ብዙ ሰው ጉዳዩን "ሳይንስ ያልገባቸው ሰዎች ጩኸት" ብሎ አልፎታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ነገሩን ከሥሩ ስከታተለው ያገኘሁት ሌላ ነው። ሰው የተጠራጠረው የአየር ንብረት ሳይንስን አልነበረም። የተጠራጠረው ሳይጠይቁት የሚወስኑለትን ነው። ገበሬውም እንደዚሁ። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ የሚሰጠውን መልስ ግን ከሥር መሠረቱ ይለውጠዋል። ለዚህ ነው ጉዳዩን በዝርዝር ያስቀመጥኩት። የግለሰቦችን ስም አላነሳም። ድርጅቶቹና ቀኖቹ በአደባባይ የታወቁ ስለሆኑ እንዳሉ ተቀምጠዋል።

ሚቴኑ ከየት ይመጣል?

ሰው ሣር ቢበላ ምንም አያገኝበትም። ላም ግን ሣሩን ወተት ታደርገዋለች። ይህን የምትችለው ጨጓራዋ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን እርዳታ ነው። እነሱ መኖውን ሲያብላሉት ሃይድሮጅን ይወጣል። አርኬያ የሚባሉ ሌሎች ተሕዋስያን ደግሞ ያንን ሃይድሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህደው ሚቴን ይሠራሉ። ጋዙ በአብዛኛው የሚወጣው በአፏ ነው፤ ላሟ ስታመሰኳ እያገሳች ታስወጣዋለች። ከኋላ የሚወጣው ጥቂት ነው።

ሚቴን አየር ላይ ብዙ አይቆይም። ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ ነው። እስካለ ድረስ ግን ሙቀት በመያዝ በጣም ኃይለኛ ነው። በ100 ዓመት ሲሰላ 1 ኪሎ ሚቴን 27 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህላል። በ20 ዓመት ሲሰላ ደግሞ 80 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ሚቴንን የቀነሰ ውጤቱን ቶሎ ያያል። በ2021 ግላስጎው ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ከ100 በላይ አገሮች የዓለምን የሚቴን ልቀት እስከ 2030 ድረስ ከ2020 መጠኑ በ30 በመቶ እንቀንሳለን ብለው ቃል የገቡትም ለዚህ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከሚወጣው ሚቴን ግማሹ ገደማ ከግብርና የሚመጣ ነው።

ቦቬር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በውስጡ 3-ናይትሮኦክሲፕሮፓኖል የሚባል ውሑድ አለ። ውሑዱ አርኬያዎቹ ሚቴን ለመሥራት በመጨረሻው ደረጃ የሚጠቀሙበትን ኢንዛይም ያግዳል፤ ከዚያ እዚያው ላሟ ሆድ ውስጥ ይሰባበራል። ለአንድ ላም በቀን የሚበቃው የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ነው። በወተት ላሞች ላይ ሚቴኑን በአማካይ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብራዚልና ቺሌ በ2021 ፈቀዱት። የአውሮፓ ኅብረት በ2022፣ ብሪታንያ በ2023፣ ካናዳና አሜሪካ በ2024 ተከተሉ።

አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። ዱቄቱ የሚሠራው ጨጓራ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ስለዚህ ከመኖው ጋር በደንብ ተደባልቆ በየቀኑ መሰጠት አለበት። በረት ውስጥ ለምትመገብ ላም ይህ ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ መስክ ላይ ለምትግጥ ላም ግን ማን ማንኪያ ይዞ ይከተላታል? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሚያነሳው ገበሬ ነው። ቢሮ ውስጥ ላለ ሰው ቶሎ አይታየውም።

ገበሬው በዚያ ሰሞን

የወተት ላም በዓል አታውቅም። በዓመት 365 ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ትታለባለች። ሦስት ጊዜ የሚታለብበትም አለ። ሥራው ገና ሳይነጋ ይጀምራል። የእያንዳንዷ ጡት ይጠረጋል። የመጀመሪያው ወተት በእጅ ጠብ ጠብ ተደርጎ ይታያል፤ የረጋ ነገር ወይም የደም መልክ ካለው ግቷ ታምሟል ማለት ነው። ከዚያ የማለቢያው ማሽን ይገጠማል። እሱ ሲያበቃ መኖ ማደባለቅ፣ በረት መጥረግ፣ ጥጆች ማጠጣት ይቀጥላል። ከሰዓት በኋላ እንደገና አለባ አለ። ገበሬው ታመመ ተብሎ ላሟ ሳትታለብ አታድርም።

የወተቱን ዋጋ ደግሞ ገበሬው አይቆርጠውም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ብሪታንያ ውስጥ ከ30,000 በላይ ወተት አምራቾች ነበሩ። በ2024 የታላቋ ብሪታንያ ወተት አምራቾች ቁጥር ከ8,000 በታች ወርዶ ነበር። የቀሩት በዙሪያቸው ያሉ ጎረቤቶቻቸው በረታቸውን ሲዘጉ እያዩ የቀሩ ናቸው።

በዚያ ላይ ወቅቱ ክፉ ነበር። ኦክቶበር 30 ቀን 2024 የብሪታንያ መንግሥት አዲስ በጀት ይፋ አደረገ። ከ2026 ኤፕሪል ጀምሮ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ የእርሻ ሀብት ላይ 20 በመቶ የውርስ ግብር እንደሚጣል በዚያው ተነገረ። በኋላ መንግሥት ጣሪያውን ከፍ አድርጎታል፤ ያን ጊዜ ግን ነገሩ እሳት ነበር። ኖቬምበር 19 ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ለንደን ላይ ሰልፍ ወጡ። ከከተማም ብዙ ሰው አዘነላቸው። "ገበሬውን ሊያጠፉት ነው" የሚለው ስሜት አገሩን ሞልቶት ነበር። የዱቄቱ ማስታወቂያ የወጣው ልክ በሳምንቱ ነው።

ገበሬው ስለ አየር ንብረት ምን ይላል? ለውጡን ይክዳል ብሎ የሚያስብ ሰው በረት ገብቶ አያውቅም። በ2022 ጁላይ እንግሊዝ ውስጥ ሙቀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ዲግሪን ሲያልፍ መስኩ የደረቀበት እሱ ነው። ላም ሙቀት ሲበዛባት መብላት ትቀንሳለች፤ ወተቷም ወዲያው ይቀንሳል። ከ2022 ኦክቶበር እስከ 2024 ማርች ያሉት 18 ወራት ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት ሁሉ ዝናባማዎቹ ነበሩ። ሜዳው ጭቃ ሆኖ ላሞቹን መስክ ማውጣት አልተቻለም። ለውጡን ገበሬው በቦት ጫማው ነው የሚለካው።

ክርክሩ ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ስለ ሚቴን አቆጣጠር ነው። "የላሞቼ ቁጥር ካልጨመረ፣ ዛሬ የሚወጣው ሚቴን ከዓመታት በፊት ወጥቶ አሁን የሚጠፋውን ይተካል እንጂ አይከመርም" ይላል። ይህ ትክክለኛ ነጥብ ነው፤ ሳይንቲስቶችም ይቀበሉታል። እስካሁን የተጨመረው ሙቀት ግን እንዳለ ይቀጥላል። ሚቴኑ ከቀነሰ ደግሞ ሙቀቱም ቶሎ ይቀንሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ ይዞ መከራከር ነው ሰዎቹን ያራራቃቸው።

ሁለተኛው ክርክር ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ዱቄቱ ሚቴን ይቀንሳል እንጂ ለገበሬው ወተት የሚጨምርለት አይደለም። ሱፐርማርኬቶች ልቀታችንን እንቀንሳለን ብለው በአደባባይ ቃል ገብተዋል። የአንድ ሊትር ወተት ልቀት ግን አብዛኛው የሚመጣው ከእርሻው ነው። ቃሉን የገባው ሻጩ፣ ሥራውን የሚሠራው ገበሬው ነው ማለት ነው።

ማስታወቂያው እና የተከተለው

አርላ በአውሮፓ ትልልቅ ከሚባሉት የወተት ድርጅቶች አንዱ ነው። ባለቤቶቹ በ7 አገሮች የሚኖሩ ወተት አምራች ገበሬዎች ናቸው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ይህ በኋላ በተነሳው ግርግር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተረስቷል። ሕዝቡ የተቆጣው በአንድ ትልቅ ኩባንያ ላይ መስሎት ነበር። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን በገበሬዎቹ ኪስ ላይ ነው።

ኖቬምበር 26 ቀን 2024 አርላ ከሞሪሰንስ፣ ከቴስኮና ከአልዲ ሱፐርማርኬቶች ጋር ሆኖ ቦቬርን በ30 የብሪታንያ እርሻዎች ላይ ሊሞክር መሆኑን አስታወቀ። መልእክቱ በማኅበራዊ ሚዲያም ተለጠፈ። አነጋገሩ እንደ ማንኛውም የድርጅት ዜና ነበር። የልቀት ቅነሳ፣ ትብብር፣ ዘላቂነት።

ምላሹ ቅጽበታዊ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ የአድማ ጥሪው ሃሽታግ ሆኖ ተሰራጨ። የማይገዙ ምርቶች ዝርዝር ወጣ። ዴንማርክ የሚመረተው የአርላ ሉርፓክ ቅቤ ሳይቀር ዝርዝሩ ውስጥ ገባ፤ ሙከራው ግን ብሪታንያ ውስጥ ባሉ 30 እርሻዎች ላይ ነበር። ወተት የሚደፉት ቪዲዮዎችም ተከተሉ።

ወሬዎቹ ሦስት ነበሩ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ዱቄቱ ካንሰር ያመጣል፣ መካን ያደርጋል የሚል ነው። ሁለተኛው ከጀርባው አንድ የታወቀ አሜሪካዊ ቢሊየነር አለ የሚል ነው። ሦስተኛው በድብቅ እየመገቡን ነው የሚል ነው።

ሁለተኛው በቀላሉ የሚፈታ ነው። ቢሊየነሩ ገንዘብ ያፈሰሰው ሩሚን8 በሚባል ሌላ የአውስትራሊያ ኩባንያ ላይ ነው። ያም የላም ሚቴን ለመቀነስ የሚሠራ ድርጅት ስለሆነ ሁለቱ ተምታቱ። ቦቬርን የሚያመርተው ዲኤስኤም-ፈርሜኒች የተባለ የኔዘርላንድስና የስዊዘርላንድ ኩባንያ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው ወሬ ግን ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋሉ።

ሰው የፈራው ምንን ነው?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። መንግሥት በየጊዜው በሚያደርገው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ መሠረት፣ በዚያ ዓመት ብሪታንያ ውስጥ ከ10 ሰው 8ቱ ገደማ ስለ አየር ንብረት ለውጥ እንደሚያሳስበው ይናገር ነበር። ወተቱን ከደፉት መሃል የአየር ንብረት ለውጥ ውሸት ነው የሚሉ እንደነበሩ አያጠራጥርም። ነገር ግን ወሬውን አምኖ ሌላ ወተት የገዛው፣ ልጆቹን "ይሄን አትጠጡ" ያለው ሰው ሁሉ ከሃዲ ነው ማለት አይቻልም። ያ ሰው የጠየቀው ስለ ከባቢ አየር አይደለም። "ልጄ የሚጠጣው ውስጥ ምን አለ?" ብሎ ነው የጠየቀው።

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ደግሞ በቂ ምክንያት ነበረው። በብሪታንያ የእብድ ላም በሽታ የተስፋፋው በመኖ ነው። የእንስሳት ሥጋና አጥንት ተፈጭቶ ለላሞች ይሰጥ ነበር። በ1990 አንድ ሚኒስትር ሥጋው ችግር እንደሌለበት ለማሳየት ካሜራ ፊት ለትንሽ ልጃቸው በርገር ሊያጎርሱ ሞከሩ። በ1996 መንግሥት ራሱ በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ አመነ። በዚያ ምክንያት ብሪታንያ ውስጥ 178 ሰው ሞቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። "ላሞቹ መኖ ላይ የምንጨምረው ነገር ለጤና ችግር የለውም" የሚለው ዓረፍተ ነገር በዚያ አገር ጆሮ ላይ ከዚያ ቁስል ጋር ነው የሚያርፈው። ማስታወቂያውን የጻፉት ሰዎች ይህን ማሰብ ነበረባቸው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ደግሞ ወረቀቱ ተገኘ። ማንኛውም ኬሚካል የደኅንነት መግለጫ ወረቀት አለው። የቦቬር ወረቀት ንጹሑን ዱቄት የሚይዝ ሠራተኛ ጓንትና የመተንፈሻ መከላከያ ያድርግ ይላል። ዓይንና ቆዳ ይጎዳል፣ ወደ ውስጥ ቢተነፈስ ሊጎዳ ይችላል ይላል። የወንድ መካንነት ሥጋትም ተጠቅሷል። ይህ ወረቀት ፎቶ ተነስቶ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። "ጓንት ሳያደርጉ የማይነኩትን እኛን ያጠጡናል" ተባለ።

መልሱ ከባድ አልነበረም። ወረቀቱ የሚናገረው ከረጢቱን ከፍቶ ዱቄቱን ስለሚያደባልቀው ሰው ነው። ውኃ የሚታከምበት ክሎሪንም በበርሜሉ ሲሆን ዓይን ያጠፋል፤ በቧንቧ ሲመጣ ግን እንጠጣዋለን። እዚህ ደግሞ ውሑዱ ላሟ ሆድ ውስጥ ስለሚሰባበር ወደ ወተቱ አይገባም። ይህን በቀላል ቋንቋ ቀድሞ የተናገረ ሰው ግን አልነበረም። ሰው ወረቀቱን ያገኘው ራሱ ፈልጎ ነው። ፈልገህ ያገኘኸው ነገር ደግሞ የተደበቀ ይመስልሃል።

የመጨረሻው ነገር ምርጫ ነው። የ30ዎቹ እርሻዎች ወተት የትኛው ጠርሙስ ውስጥ እንዳለ ገዢው የሚያውቅበት ምልክት አልነበረም። ዱቄቱ ወተቱ ውስጥ ስለሌለ ምልክት አያስፈልግም የሚለው ክርክር በሕግ ትክክል ነው። መደርደሪያ ፊት ለቆመ ሰው ግን የቀረለት ምርጫ ሁሉንም መተው ብቻ ነው። የተወውም ሁሉንም ነው።

የተሞከሩ መልሶች

አርላ በፍጥነት ማስተባበያ አወጣ። ቢሊየነሩ በነገሩ ውስጥ የለበትም፣ የሚባለው ሐሰት ነው፣ ዱቄቱ በብዙ አገር ተፈቅዷል አለ። አምራቹ ኩባንያም ተመሳሳይ መግለጫ ሰጠ። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ቦቬር የተሰጣት ላም ወተት ለመጠጣት ደኅና መሆኑን፣ ዱቄቱ ላሟ ውስጥ ስለሚሰባበር ወደ ወተቱ እንደማያልፍ በግልጽ ጻፈ። የእንስሳት መኖና የኬሚስትሪ ምሁራንም በየሚዲያው እየቀረቡ አስረዱ።

ከእነዚህ ሁሉ የሠራው የኤጀንሲው ጽሑፍ ነው ባይ ነኝ። አጭር ነው። ሰው ለጠየቀው ጥያቄ ነው የመለሰው። የሚሸጠው ነገር የለውም። ጋዜጠኞች ወሬውን ሲያጣሩ የሚመለሱበት አንድ ቦታ ሆነላቸው። ሙከራው በመጀመሪያው ሳምንት ግርግር አለመቋረጡም ጥሩ ነበር። ያኔ በድንጋጤ ቢቆም ኖሮ ለብዙዎች የወሬው ማረጋገጫ ይሆን ነበር።

ችግሩ ጊዜው ነው። ኤጀንሲው ዱቄቱን የገመገመው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው፤ መልሱ በእጁ ነበር። በቀላል ቋንቋ ለሕዝብ የደረሰው ግን ወተቱ ከተደፋ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ያልሠራው ብዙ ነው። "የተሳሳተ መረጃ" የሚለው ቃል ራሱ አልሠራም። የሰውን ጥያቄ እንደ በሽታ ስትጠራው ጥያቄው አይጠፋም፤ ጠያቂው ግን ይሄዳል። የልቀት ቁጥር እየደጋገሙ መናገርም አልሠራም። ስለ ልጁ ለሚጠይቅ እናት ስለ 2030 ዕቅድ መመለስ አለመስማት ነው። ከሁሉም በላይ የጎዳው ግን ሌሎች ወተት ሻጮች "እኛ ቦቬር አንጠቀምም" እያሉ ማወጃቸው ነው። አንዳንዶቹ እውነተኛ ምክንያት ነበራቸው፤ ለምሳሌ ኦርጋኒክ አምራቾች። ነገር ግን "የእኛ የለበትም" ሲባል ገዢው የሚሰማው "የእነሱ መርዝ አለበት" ነው።

የገበሬው ድምፅ ደግሞ እምብዛም አልተሰማም። ክርክሩ በድርጅቱ ሕዝብ ግንኙነትና በማኅበራዊ ሚዲያ መካከል ሆነ። ሰው ስለ ወተት የሚያምነው ማንን ነው? ላሟን የሚያልባትን ነው። እሱ ስለ ዱቄቱ ምን እንደሚያስብ፣ ላሞቹ እንዴት እንደሆኑ፣ ራሱ ወተቱን ይጠጣ እንደሆነ መናገር የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። በዚያ የወተት አድማ መሃል ደጃፉ ላይ ካሜራ እንዲመጣበት የሚፈልግ ገበሬ ግን የለም። ዝምታው ይገባኛል። ጥፋቱ ከመጀመሪያው እሱን ወደፊት አለማምጣት ነው።

ከዓመት በኋላ ዴንማርክ ላይ

ጉዳዩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ "ሕዝቡ ተሳስቶ ነበር፣ ሳይንሱ ትክክል ነበር" ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። አላበቃም።

ዴንማርክ በዚህ ጉዳይ ከሁሉም ቀድማ የሄደች አገር ናት። ከ2030 ጀምሮ ከከብት በሚወጣ ልቀት ላይ ግብር ለማስከፈል ወስናለች። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከ50 በላይ የወተት ላም ያላቸው መደበኛ እርሻዎች ሚቴን እንዲቀንሱ ግዴታ ሆነ። ገበሬው ወይ ዓመቱን ሙሉ መኖው ላይ ስብ ይጨምራል፣ ወይ ቢያንስ ለ80 ቀን ቦቬር ይሰጣል። ብዙዎች ቦቬርን ለዓመቱ መጨረሻ አቆዩት። ስለዚህ በ2025 መኸር ላይ በጣም ብዙ በረቶች በአንድ ጊዜ ጀመሩ።

ወዲያው ስልክ መደወል ተጀመረ። ላሞቹ መኖ እየተዉ ነው፣ ወተት ቀንሷል፣ ተቅማጥ አለ፣ የወደቁም አሉ የሚል አቤቱታ ከብዙ ገበሬዎች መጣ። የአገሪቱ የእንስሳትና የምግብ ባለሥልጣን ላሞቹ በዱቄቱ ምክንያት ታመዋል ብሎ የጠረጠረ ገበሬ መስጠት ማቆም እንደሚችል አስታወቀ። ነገሩን እንዲያጠኑ የአርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ገቡበት። ጎረቤት ኖርዌይም ለጥንቃቄ ሲባል አጠቃቀሙ ለጊዜው እንዲቆም ተደረገ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። የዴንማርኩ አቤቱታ ስለ ላሞቹ ጤና ነው፤ ወተቱ ሰው ይጎዳል የሚል አይደለም። የብሪታንያው ወሬ ትክክል ነበር ማለትም አይደለም። ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ግን ሁለቱ ወዲያው ተቀላቀሉ። "አላልንም?" ተባለ። ከዓመት በፊት "የተሳሳተ መረጃ" ተብለው የተሰናበቱ ሰዎች፣ በሌላ ምክንያት የመጣን ሌላ ችግር አንስተው አሸናፊ ሆነው ተመለሱ።

ለሌላ ቦታ የሚወሰድ

ሙከራ የሚጀመርበት ቀን ማስታወቂያ የሚወጣበት ቀን መሆን የለበትም። ማስታወቂያ ማለት ውሳኔው አልቋል ማለት ነው። የሚጠጣውና የሚመግበው ሰው ገና ውሳኔው ሳያልቅ ሊሰማ ይገባል። ይህ ለመኖ ዱቄት ብቻ አይደለም። ለዘር፣ ለክትባት፣ ለውኃ ማከሚያ፣ ሰው ወደ ቤቱ ለሚያስገባው ነገር ሁሉ ይሠራል።

ስለ አደጋው ቀድሞ መናገር ያለበት ባለቤቱ ነው። አርላ በመጀመሪያው ቀን "ይህን ዱቄት የሚያደባልቀው ሰው ጓንትና ጭምብል ያደርጋል፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ወተቱ ውስጥ የማይገባው ደግሞ በዚህ ምክንያት ነው" ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፣ ያ ወረቀት ሲገኝ ዜና አይሆንም ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች ይህን ይፈራሉ። ሰው ይደነግጣል ይላሉ። የብሪታንያው ጉዳይ የሚያሳየው ከሌላ ሰው ሲሰማ የበለጠ እንደሚደነግጥ ነው።

ምርጫ መስጠት ውድ ነው። የ30 እርሻ ወተት ለይቶ መሰብሰብ፣ ለይቶ ማሸግ ገንዘብ ይፈልጋል። ቢያንስ በሙከራ ጊዜ ግን ወጪው ተገቢ ይመስለኛል። የሚፈልግ ገዝቶት የማይፈልግ የሚተወው ወተት ቢኖር፣ ሌላው ወተት ባልተደፋ ነበር። ሚቴኑ እንዲቀነስ የሚፈልገው ገዢም ገንዘቡን የሚያኖርበት ቦታ ያገኝ ነበር።

ክፍያው ደግሞ ከግዴታው ይቅደም። አርላ ራሱ ከ2023 ጀምሮ ለአባሎቹ በነጥብ የሚከፍልበት ሥርዓት አለው። ገበሬው ለአየር ንብረት በሠራው ልክ በሊትር ላይ ይጨመርለታል። ይህ ጥሩ ጅምር ነው። በግዴታና በቀነ ገደብ ሲመጣ ግን ገበሬው ዱቄቱን የሚያየው እንደ ሌላ ቅጣት ነው። ከውርስ ግብር ሰልፍ የተመለሰ ሰው ደግሞ ቅጣት አይጨመርበትም።

ከሁሉም አብልጬ የማስበው ስለ ገበሬው ዓይን ነው። ላሟ መኖ እንደቀነሰች መጀመሪያ የሚያውቀው ጠዋት ገንዳው ላይ የተረፈውን የሚጠርገው ሰው ነው። ከቤተ ሙከራው በፊት ያውቃል፤ ከእንስሳት ሐኪሙም በፊት ያውቃል። የዴንማርክ ገበሬዎች ያዩትን ለማሰማት መደወልና መጮህ ግድ ሆነባቸው፤ ላሞቻቸው ሲታመሙ የማቆም ፈቃዱ በደንብ ተብራርቶ የደረሳቸውም ዘግይቶ ነው። ይህን መሰል ሙከራ የሚያቅድ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ከመጀመሪያው ከረጢት ጋር አንድ ደብተር አብሮ ይላክ እለዋለሁ። በየቀኑ ገንዳው ላይ ስንት እንደተረፈ፣ የወተቱ መጠን፣ የፋንድያው መልክ ይጻፍበት። የተጻፈው ከጋዝ መለኪያው እኩል እንደ መረጃ ይቆጠር። ገበሬው ማንንም ሳይጠይቅ፣ በዚያው ጠዋት መስጠቱን ማቆም እንደሚችልም የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።